ድምፃችን ሰነድ ይኑረው
ስለ ፖድካስት፣ ስለሚያስፈልጉት ሶፍትዌሮችና ከጀመዓችን ስለሚጠበቀው ሥራ



እስቲ ስልካችንን አውጥተን የድምፅ ፋይሎቻችንን እንክፈት። «ኤዩዲ» ብሎ የሚጀምርና የቁጥር ጋጋታ የተከተለው ፋይል በመቶ ይቆጠራል። አንዱ የረመዷን ደርስ ነው። አንዱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተሰጠ ምክር ነው። አንዱ ደግሞ ከወሎ የመጡ አንድ ሸይኽ ስለ ልጅነት ቂርኣታቸው ያወጉት ነው። ማን ተናገረው? የት? መቼ? ለማን? ፋይሉ አይመልስም። ከመሐል ይጀምራል፣ ከመሐል ይቋረጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስልኩ ሲሰበር ወይም «ቦታ ሞላ» ሲል መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ከኡስታዝ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ሰነዱ የታለ?» ንግግሩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ማን ከማን እንደሰማው ካልታወቀ የሐዲስ ዑለማእ አይቀበሉትም። ቃሉ በአማርኛችንም ቤተኛ ነው፤ ሰነድ ስንል ማስረጃ፣ ተቀምጦ የሚቆይ ወረቀት ማለታችን ነው። እኛ ግን በየቀኑ ሰነድ የሌለው ድምፅ እንቀበላለን፣ ሰነድ የሌለው ድምፅ እናስተላልፋለን።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ጀመዓችን ፖድካስት መጀመር አለበት። ምክንያቱ ዘመነኛ ለመባል ወይም ተከታይ ለመሰብሰብ አይደለም። ፖድካስት በቴክኒክ ትርጉሙ ሲታይ ስም፣ ቀን፣ ርዕስና ቋሚ አድራሻ ያለው ድምፅ ነው። በአጭሩ ሰነድ ያለው ድምፅ ነው። ምሳሌው ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሐዲስ ሰነድ የታማኝ ሰዎች ሰንሰለት እንጂ የኮምፒዩተር ፋይል አይደለም። የሁለቱ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይህ ቃል ከየት መጣ?

ፖድካስት ምንድን ነው?

ፖድካስት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሁለት ሰዎች ትልልቅ ማይክ ፊት ለፊታቸው ተክለው ዩቲዩብ ላይ ሲያወጉ ነው። ያ የአንዳንዱ ፖድካስት መልክ ነው እንጂ ፖድካስት ያሰኘው ነገር አይደለም።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ ነው። የአፕልን የሙዚቃ ማጫወቻ «አይፖድ»ንና ስርጭት የሚል ትርጉም ያለውን «ብሮድካስት»ን አዳቅሎ ነው ያወጣው። ሥራው ግን ስሙን ይቀድማል። ዴቭ ዋይነር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አር.ኤስ.ኤስ በሚባለው ፋይል ውስጥ የድምፅ አድራሻ የሚገባበት ቦታ ጨመረ። የቴሌቪዥን አቅራቢ የነበረው አዳም ከሪ ደግሞ ሐሳቡን ገፋበት፣ ተጠቀመበት፣ ለሰው አስለመደው። አፕል በጁን 2005 ፖድካስትን በአይቲዩንስ ውስጥ ሲያስገባ ነገሩ ዓለም አቀፍ ሆነ።

አር.ኤስ.ኤስ ምንድን ነው? ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የፖድካስቱን ስምና ባለቤት ይይዛል። ከሥሩ እያንዳንዱን ክፍል ይዘረዝራል፤ ርዕሱን፣ ማብራሪያውን፣ የወጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የድምፅ ፋይሉን አድራሻና መጠን፣ እንዲሁም ከሌላ ክፍል ጋር የማይምታታ መለያውን። አድማጩ በማዳመጫ አፑ ላይ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ አፑ ይህን ፋይል በየጊዜው እየፈተሸ አዲስ ክፍል ሲወጣ ራሱ ያወርድለታል። «ዛሬ ለማን ላሳይ?» የሚል አልጎሪዝም በአድማጩና በተናጋሪው መሐል አይገባም።

የዚህን ጥቅም ለማየት አንድ ቅርብ ምሳሌ በቂ ነው። ጉግል የራሱ የፖድካስት ማዳመጫ አፕ ነበረው፤ በ2024 ዘጋው። አር.ኤስ.ኤስ የነበራቸው ፖድካስቶች ግን አብረው አልተዘጉም። አድማጮቻቸው ወደ ሌላ አፕ ተሻግረው ያንኑ አድራሻ አስገብተው ማዳመጣቸውን ቀጠሉ። ሱቁ ቢዘጋም ዕቃው የባለቤቱ ስለሆነ ተረፈ።

ጆሮ ለኛ አዲስ አይደለም

አንዳንድ ወንድሞች «ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ይላሉ። የአገራችንን የድምፅ ታሪክ ላስታውሳቸው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ቤተሰብ ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ሰምቶታል። ያ ትረካ ዛሬም በስልክ ይደመጣል። ተራኪው ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ድምፁ የቆየልን በሥርዓት ተቀድቶ ስለተቀመጠ ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ.ኤም 102.1 ከእንግዶቿ ጋር ያደረገቻቸው ረጃጅም ጨዋታዎችም እንደዚያው ናቸው። ሰው አንድን ሕይወት ከስር ከመሠረቱ ለመስማት ሰዓታት እንደሚሰጥ አሳይተውናል።

በኛ በሙስሊሞች ቤትማ የዕውቀት መንገዱ ራሱ ጆሮ ነው። የሸይኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች በካሴት ከቤት ቤት የዞሩት ማንም ሳያስተዋውቃቸው ነው። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ቢቀመጥም ትምህርቱን የሚያገኘው ከሸይኹ አንደበት ነው። እዚሁ ስድስት ኪሎ ታሪክ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው ኢስላም የጻፉትንና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ የእጅ ጽሑፎችን ብቻ አላገላበጡም። ወደ ሽማግሌዎችም ሄደው ጠይቀዋል። የሰሙት ቃል የታሪክ ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው ከማንና የት እንደተሰማ ስለሚታወቅ ነው። በኛ ስልክ ውስጥ ያለው ስም የለሽ ድምፅ ግን ነገ ለማንም ተመራማሪ አይጠቅምም።

ዛሬ የአማርኛ ፖድካስት አድማጭ አለው። እንደ «ደጃፍ» ያሉ ዝግጅቶች ረጅም ውይይት ያቀርባሉ። ውጭ ካለው ወገናችን ጋር የሚሠራው የአውስትራሊያው ኤስ.ቢ.ኤስ አማርኛም ቃለ መጠይቆቹን በፖድካስት መልክ ያወጣል። ጥያቄው «አድማጭ አለ ወይ?» አይደለም፤ «እኛ የምናስደምጠው ምንድን ነው? እንዴትስ እናስቀምጠዋለን?» የሚለው ነው።

«ቴሌግራም አለን እኮ!»

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ተቃውሞ ነው፤ ቁም ነገርም አለበት። ቴሌግራም ለአብዛኞቻችን ያለ ብዙ ጣጣ ይከፈታል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። እናቶቻችን ሳይቀሩ ለምደውታል። ስለዚህ ቴሌግራምን እንተው የሚል ሰው የለም። ችግሩ ሌላ ነው።

ቻናላችን ውስጥ ያለፈው ዓመት ደርስ የት እንዳለ ለማግኘት ማስታወቂያውን፣ የእንኳን አደረሳችሁ ምስሉን፣ የጠፋ መታወቂያ ፍለጋውን ሁሉ ወደ ላይ እየገፉ መውጣት ነው። ድምፁን አንድ ሰው አውርዶ ሌላ ቦታ ሲጭነው ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ይቀራል። ቻናሉን የከፈተው ተማሪ ሲመረቅ ወይም ስልክ ቁጥሩን ሲቀይር ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። አራትና አምስት ዓመት ቆይቶ ለሚሄድ የተማሪ ማኅበር ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። እያንዳንዱ ባች ከዜሮ ይጀምራል።

መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው። የድምፁ ቤት ፖድካስቱ ይሁን፤ ቴሌግራም ደግሞ ወደ ቤቱ የሚወስድ በር ይሁን። አዲስ ክፍል ሲወጣ በቻናሉ ይነገር፣ ፋይሉም እዚያው ይለጠፍ። ዋናው መዝገብ ግን በአር.ኤስ.ኤስ ተደራጅቶ፣ በጀመዓው ኢሜይል እንጂ በግለሰብ ኢሜይል ሳይሆን ይቀመጥ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቪዲዮ ካልሆነ ማን ያያል?» የሚለው ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ንግግርን በአንድ ቻናል፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት አድርገን ወደ ኤም.ፒ.ስሪ ብንቀይረው አንድ ሰዓት ሙሉ 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ከ15 ሜጋባይት አይበልጥም። ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት እንኳ የዚህን ብዙ እጥፍ ይበላል። ፓኬጅ የሚገዛ ተማሪ ልዩነቱን ኪሱ ይነግረዋል። በዚያ ላይ ዩቲዩብ በተለመደው ነፃ አጠቃቀም ስክሪኑ ሲጠፋ ይቆማል፤ ድምፅ ግን ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስትጠብቂም፣ ልብስ ስታጥብም፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ፊታቸው ካሜራ ላይ እንዲታይ የማይፈልጉ ግን ብዙ የሚነግሩን ያላቸው እህቶች አሉን። ድምፅ ብቻ የሚፈልግ መድረክ ለነሱ ሰፊ በር ነው። ቪዲዮን ቅድመ ሁኔታ ባደረግን ቁጥር ግማሹን ጀመዓ እያስቀረን መሆኑን እንወቅ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

«ስቱዲዮ የለንም» የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ነው። ስቱዲዮ አያስፈልግም። አምስት ነገር ያስፈልጋል፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መቅረጫ፣ ማረሚያ ሶፍትዌር፣ ማስቀመጫና ማዳመጫ።

ክፍሉ ከማይኩ ይቀድማል። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ሰፊ አዳራሽ ድምፁን ወደኛ እየመለሰ ያስተጋባል፤ ይህን ማሚቶ በኋላ ንጹሕ አድርጎ ማጥፋት ቀላል አይደለም። መጋረጃ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ያለበት ጠባብ የዶርም ክፍል ከአዳራሹ ይሻላል። መስኮቱ ይዘጋ፤ ጄኔሬተር ካለበት ጎን አንቀመጥ፤ የሁሉም ስልክ ድምፁ ይጥፋ። እንጦጦ ወጥተን ባሕር ዛፉ ሥር እንቅረጽ የሚል ካለ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተራራው ነፋስ ስፖንጅ ያልለበሰ ማይክ ላይ ሲመታ ከንግግሩ በላይ ይጮኻል።

መቅረጫው እጃችን ላይ ያለው ስልክ ነው። ከስልኩ ጋር የሚመጣው የድምፅ መቅጃ ለመጀመር ይበቃል። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ ከተጨመረበት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ማይክ ከሌለ ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቆ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እያንዳንዱን የእጅ ንኪኪ ይቀርጻል። እንግዳው ደሴ ወይም ጅማ ከሆነስ? በስልክ እየተወያያችሁ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ድምፅ በሌላ ስልክ ቅረጹ። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አብራችሁ አጨብጭቡ፤ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች የምታገጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ቅጂው ንጹሕ ይሆናል።

ማረሚያ ሶፍትዌር። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው፤ በኦዳሲቲ ጀምሩ። ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የወጣ፣ አሜሪካ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሶፍትዌር ነው። እንደኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተወለደ ማለት ነው። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክም ሆነ በሊነክስ ይሠራል፤ ከባድ ላፕቶፕ አይጠይቅም። የተሰነጠቀ ሶፍትዌር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እያዘዋወርን ከቫይረስ ጋር ከመግዛት፣ ሐላል በሆነ ነፃ ሶፍትዌር መሥራት ለነፍስም ለላፕቶፕም ይበጃል። ማክ ያለው ሰው ጋራጅባንድን በነፃ ያገኛል። ሙያውን ሊገፋበት የፈለገ ደግሞ ሪፐርን ለ60 ቀን ሞክሮ መግዛት ይችላል። ለኛ ሥራ ግን ኦዳሲቲ ይበቃል።

በኦዳሲቲ የሚሠራው ሥራ ስድስት እርምጃ ነው።

1. ቅጂውን ማስገባትና ከምንም በፊት ፕሮጀክቱን ሴቭ ማድረግ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

2. የማያስፈልገውን መቁረጥ። ሳል፣ ረጅም ዝምታ፣ «እህ…» የሚለው ድግግሞሽ ይውጣ። የተናጋሪውን ትንፋሽ ሁሉ አትቁረጡ፤ ሰው ማሽን ይመስላል።

3. የክፍሉን እምምታ መቀነስ። ሰው የማይናገርበትን ሁለት ሦስት ሰከንድ መርጣችሁ ከኢፌክት ዝርዝር «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ «ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል» በሉት። ከዚያ ሙሉውን ድምፅ መርጣችሁ ኢፌክቱን ተጠቀሙ። ሲበዛ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ስለሚመስል በጥቂቱ ይሁን።

4. ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን ማቀራረብ። «ኮምፕረሰር» የሚባለው ይህን ይሠራል።

5. አጠቃላይ የድምፁን ከፍታ ማስተካከል። «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» ውስጥ ገብታችሁ ከዜሮ በታች 16 ሉፍስ ላይ አድርጉት፤ ለፖድካስት የተለመደው ልክ ይህ ነው። አድማጩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ስልኩን ከፍ ዝቅ ከማድረግ ይድናል።

6. በኤም.ፒ.ስሪ ማውጣት። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌሩ «ሜታዳታ» የሚል ሰንጠረዥ አለው፤ የተናጋሪው ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ማስታወሻ የሚል። አብዛኛው ሰው ሳይሞላው ያልፈዋል። አትለፉት! ሰነዱ እሱ ነው። እዚያ የተጻፈው ስም ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ አብሮት ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም «ኤዩዲ» በሚል የቁጥር ጋጋታ ፈንታ የኡስታዙ ስምና ርዕሱ ይታያል። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ።

ማስቀመጫው አር.ኤስ.ኤሱን የሚያዘጋጅልን አገልግሎት ነው። ስፖቲፋይ በ2019 የገዛው፣ ቀድሞ አንከር ይባል የነበረው አገልግሎት ያለ ክፍያ ድምፁን ያስቀምጣል፣ አር.ኤስ.ኤስ አድራሻም ይሰጣል። ያን አድራሻ ለአፕል ፖድካስትና ለሌሎች ማውጫዎች አንድ ጊዜ ማስመዝገብ ነው። ይሁንና በአንድ ድርጅት ብቻ አንተማመን። ሁለተኛ ቅጂ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ለትርፍ ያልቆመ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ ይቀመጥ፤ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ሦስተኛው ቅጂ በጀመዓው ሃርድ ዲስክ ይሁን።

ማዳመጫው ደግሞ ለአንድሮይድ አንቴናፖድን የመሰለ አለ። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ መመዝገብም አይጠይቅም። «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» ብላችሁ ካዘዛችሁት ማታ በግቢው ዋይፋይ ያወርድና በማግስቱ ያለ አንዲት ሜጋባይት ወጪ ያሰማችኋል።

መቀስ አማና ነው

ሶፍትዌሩ ቀላል ነው። ከባዱ አደቡ ነው። በኦዳሲቲ «አይፈቀድም» ያለን ሰው ንግግር ቆራርጦ «ይፈቀዳል» ያለ ማስመሰል ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ኡስታዝ ኺላፍ ያለበትን መስአላ ሲያብራሩ የሌሎችን አቋም ጠቅሰው ቀጥለው የራሳቸውን ቢናገሩ፣ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጦ መልቀቅ ውሸት ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ግን የራሳቸው ድምፅ ነው። ዜና ሲመጣ አጣሩ ተብሎ የታዘዘ ኡማ መቀሱን በአማና መያዝ አለበት።

ስለዚህ አራት ደንብ አስቀድመን እንጻፍ። አንደኛ፣ ማንም ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ አይቀረጽ። ሁለተኛ፣ እንግዳው ከመለቀቁ በፊት የተቆረጠውን ያዳምጥ። ሦስተኛ፣ ሃይማኖታዊ ፍርድ ያለበት ንግግር ከሆነ ዋናው ሳይቆረጥ ይቀመጥ። አራተኛ፣ በሌለ ሰው ላይ አይወራ፤ ጊባ በማይክ ሲሆን የሚሰማው ሰው ይበዛል እንጂ ስሙ አይለወጥም። ሕጉንም እንወቅ። የሰውን ነሺዳ ወይም መንዙማ ሳያስፈቅዱ ማጀቢያ ማድረግ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ እንደ ሬዲዮው ሁሉ እኛንም ይመለከታል። ግቢ ውስጥ ከሆነ የግቢውን ፈቃድ መጠየቅም አይቅር።

በምን እንጀምር?

«ወሬ በዛ፤ ሌላ ወሬ ለምን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነታቸውን ነው። ምንም ሳያዘጋጁ ማይክ ፊት ተቀምጦ ሁለት ሰዓት መሳሳቅ ለኛ አይሆንም። ሌላ ማንም የማያቀርበው፣ እኛ ብቻ የምንደርስበት ነገር ካለ ግን ማቅረብ ይገባናል። አለም።

ቀና ብንል እንጦጦ ይታየናል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የጠፈር ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጠቀችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት የምድር ጣቢያዋ የተሠራው እዚያው ነው። በየዓመቱ ረመዷንና ዒድ ሲቃረብ «ጨረቃ ታየች፣ አልታየችም» እያልን ሌሊቱን ስልክ ስንነካካ እናድራለን። አንድ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ስለ ጨረቃ መወለድና በዓይን ስለመታየት ልዩነት ቢያብራሩልን፣ ከጎናቸው አንድ የፊቅህ ኡስታዝ ዑለማእ ስለ ሩእያ ያሉትን ቢያስረዱን፣ ይህ ከሻዕባን መጨረሻ በፊት ሊደመጥ የሚገባው አንድ ክፍል ነው። መንገዱ ከደጃችን ነው።

ሌላው ክፍል ቀደምት ምሩቃን ናቸው። ከኛ በፊት እዚህ የተማሩ ሙስሊም ተማሪዎች የት ይሰግዱ ነበር? ጾም ሲይዙ ሰሑርና ኢፍጣራቸውን እንዴት ያደርጉ ነበር? እህቶቻችንስ ምን ገጠማቸው? ይህን የጻፈልን የለም፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ግን በሕይወት አሉ። ጸጉራቸው እየሸበተ ነው። ሦስተኛው፣ ከየአካባቢው የመጣን ተማሪዎች በእረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንሄድ የየሰፈራችንን ሸይኽና ሐጃ አንድ አንድ ሰዓት እንቅረጽ። በአርጎብኛም ይሁን በስልጥኛ፣ በአፋርኛም ይሁን በኦሮምኛ፤ ማብራሪያው በአማርኛ ይጻፍለታል። ሠላሳ ተማሪ አንድ አንድ ሰው ቢቀርጽ ሠላሳ ሰነድ ያለው ድምፅ ይዘን እንመለሳለን።

ለዚህ የሚበቃው አምስት ሰው ነው፤ አንድ ጠያቂ፣ አንድ ቀራጭ፣ አንድ አራሚ፣ አንድ ማብራሪያ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ያዥ። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ እህቶች፣ ቢያንስ ሁለቱም የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ሥራው ከተመራቂዎች ጋር እንዳይመረቅ። በየሳምንቱ እናወጣለን ብለን ቃል አንግባ። በወር አንድ፣ ግማሽ ሰዓት፤ ስድስት ክፍል ሠርተን ካስቀመጥን በኋላ የመጀመሪያውን እንልቀቅ። ብዙ ፖድካስት የሚሞተው ሦስተኛው ክፍል ላይ ፈተና ሲደርስ ነው። ቋት ያለው ግን ፈተናውን ያልፋል።

የጀመዓችን የሚዲያ ክፍል በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ አጀንዳ አድርጎ እንዲይዘው እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን ስብሰባ የማይፈልግ ሥራ በእጃችን አለ። ዛሬ ማታ ስልካችንን ከፍተን ከእነዚያ ስም የለሽ ድምፆች ማን እንደተናገራቸው የምናስታውሳቸውን እንምረጥና የተናጋሪውን፣ የቦታውንና የዓመቱን ስም እንስጣቸው። ጥቂት ዓመት ከቆየን የምናስታውሰው እኛም አንኖርም። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፣ ሥራችንንም የሚጠቅም ዕውቀት ያድርግልን።